በክረምት የወንዝ መግቢያ ለመረብ ይዘጋ

ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ዓሣ ከአስጋሪዎች ማኅበር የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በጣና ሐይቅ ዳርና ወደ ሐይቁ በሚገቡት ወንዞች አካባቢ በዓሣ የምንተዳደር አስጋሪዎች፣ ታንኳ ሠሪዎች፣ ዓሣ እየበለትን የምንሸጥ እናቶችና አነስተኛ ነጋዴዎች በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስበን ሁለት ቀን ሙሉ ተከራክረናል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «በገዛ እጃችን የልጆቻችንን ጉሮሮ እንዝጋ ወይ?» ብለው የተነሡ አባላት ነበሩ። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለሆነ በኋላ እንመለስበታለን። በመጨረሻ ግን በአንድ ቃል ተስማምተናል።

አቋማችን ይህ ነው፦ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎቹ ዓሣ የሚወጣባቸው ወንዞች ወደ ጣና የሚገቡበት ቦታ፣ እንዲሁም ዓሣው እንቁላል የሚጥልባቸው ገባሮቻቸው፣ ለማንኛውም መረብ ይዘጉ። ሐይቁ ክፍት ይሁን፤ መግቢያው ይዘጋ። መንግሥትም ይህን በሕግ ያውጅ፣ በጥበቃ ያስከብር፣ ሥራ ለሚያቆመው አስጋሪ ስንቅ ይስጥ።

መንግሥት ለጣናና ለዓባይ ፍጥረታት ምንም አልሠራም አንልም፤ ሠርቷል። ችግሩ የጠበቀው ሐይቁን መሆኑ ነው። ዓሣው የሚወለደው ግን በወንዝ ነው።

ነጭ ዓሣ የምንለው

ገበያ ላይ የጣና ዓሣ ያለው ሦስት ስም ነው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶው አንድ ዓይነት ነው፣ አምባዛውም አንድ ነው፤ ሁለቱም ከጣና ውጭ በብዙ የአፍሪካ ውኃዎች ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ የምንለው ግን አንድ ዓሣ አይደለም። በዕድሜ የገፉት አስጋሪዎቻችን አፈ ሰፊውን፣ ከንፈረ ወፍራሙን፣ ግንባሩ ጎበጥ ያለውን፣ ዓይነ ትልቁን ለይተው ያውቁታል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ መዝገብ ላይም በአንድ ስም ይሰፍራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን አንድ ስም ፈትሸው 15 ዝርያ አገኙበት። የወገኑ የሳይንስ ስም ላቤዮባርበስ ይባላል። አብዛኞቹ ከጣናና ከገባሮቹ ውጭ በዓለም ላይ የትም የሉም።

ይህ ለምን እንደሆነ ጢስ ዓባይን ቆሞ ያየ ሰው ይገባዋል። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ወደ 40 ሜትር ይወረወራል። ከታችኛው ዓባይ ተነሥቶ ያንን ገደል የሚወጣ ዓሣ የለም። ስለዚህ ከፏፏቴው በላይ የቀረው ዘር ከሌላው ዘመዱ ተለይቶ፣ በራሱ ሐይቅ በራሱ መንገድ ተለወጠ። ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ የእነዚህ ዓሦች ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውምና። ጥርስ የሌለው ዓሣ አዳኝ ሆኖ የኖረበት እንዲህ ያለ ሐይቅ ብርቅ ነው። ከነጭ ዓሣው ጋር ሌሎቹ ትናንሽ ዓሦች ሲደመሩ በሐይቁ ካሉት 27 ያህል ዝርያዎች 20 ያህሉ የጣና ብቻ ናቸው። አገራችን ዋልያና ቀይ ቀበሮ አላት ብለን ስንኮራ እነዚህን ቆጥረን አናውቅም። ምናልባት ወጥ ውስጥ ስለምናገኛቸው ይሆናል።

ከነጭ ዓሣው ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ወንዞቹ መሙላት ሲጀምሩ ሐይቁን በሚቀላቀሉበት ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ጎርፉን ተቃውመው ወደ ላይ ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ዋናውን ድፍርስ ወንዝ አይደለም። ከደጋው የሚወርዱትን ትናንሽ ገባሮች ነው፤ ውኃው ጠራ ያለ፣ ጥልቀቱ ጉልበት የማይሞላ፣ መሬቱ ጠጠር የሆነበትን። እንቁላሉን ጠጠር መካከል ይጥሉትና ይመለሳሉ። ጫጩቱ በበጋ እያደገ ቀስ ብሎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ግልገል ዓባይ ነው፤ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው። ዓባይ ከምንጩ ተነሥቶ ጣናን አቋርጦ በባሕር ዳር ይወጣል ብለን ልጆቻችንን ስናስተምር፣ ነጭ ዓሣው በዚያው ጎዳና በተቃራኒው ይሄዳል።

እኛም እጃችን አለበት

ይህን ስንጽፍ ጣታችንን ወደ ሌላ ብቻ ለመቀሰር አይደለም። ከአባሎቻችን አንጋፋዎቹ የነገደ ማኅበረሰብ ልጆች ናቸው፤ ሌላው ሰው ወይጦ እያለ የሚጠራቸው፣ እነሱ ግን ያንን ስም የማይወዱት። አባቶቻቸው በደንገል ታንኳ፣ ዳር ዳሩን፣ በትንሽ መረብና በመንጠቆ ለቤታቸውና ለቅርብ ገበያ ያስግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በኔዘርላንድ የቤተ ክርስቲያን ዕርዳታ የተደገፈ ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና ረጅም የናይሎን መረብ ይዞ መጣ። ተቀበልነው፤ ደስም ብሎን ነበር። መሐል ሐይቅ መግባት ቻልን፤ የባሕር ዳርን ገበያ አልፈን አዲስ አበባ ደረስን። የደረቀውም በመተማ በኩል ሱዳን ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመራማሪዎች በቁጥር ጽፈውታል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በክብደት ሲለካ ወደ 75 በመቶ ቀነሰ። ዐሥር ይዘን የነበርነው ሁለት ተኩል መያዝ ጀመርን ማለት ነው። ያኔ ወጣት የነበሩ አባሎቻችን ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም፤ ጀልባቸው ቀልላ ስትመለስ አይተዋል።

ለምን እንዲህ በፍጥነት? ነሐሴ ላይ ወደ ጉማራ መግቢያ የሄደ ሰው መልሱን በዓይኑ ያያል። ወንዙ የጠላ ድፍድፍ መስሎ ይወርዳል። ከዚህኛው ዳር እስከዚያኛው ዳር መረብ ተዘርግቷል፤ ከእሱ ኋላ ሌላ መረብ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። በበጋ ሐይቁን ሲያስሱ ውለው የሚያገኙት ዓሣ እዚህ በአንድ ሌሊት ይገኛል፤ ዓሣው ራሱ ተሰብስቦ መጥቷልና። ንጋት ላይ ሴቶቹ ዳር ቁጭ ብለው መበለት ይጀምራሉ። ቢላዋው ሆዷን ሲከፍት የማሽላ ፍሬ የሚያካክል ቢጫ እንቁላል ይፈስሳል። ከአንዲት ዓሣ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ነው። ከሆድ ዕቃው ጋር ወደ ውኃው ይጣላል፤ ሻላዎቹ አንገታቸውን አስረዝመው ይሻሙበታል። አንዲት እናት በጉባኤያችን ላይ የተናገሩት የሁላችንንም አፍ ዘግቷል፦ «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የነገን ዓሣ ለወፍ ስበትን ኖርኩ።»

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጨምሯል። አንደኛው ከሱዳን በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባው የፕላስቲክ መረብ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ በውኃ ውስጥ አይታይም፣ ዓይኑ ጠባብ ስለሆነ ለአካለ መጠን ያልደረሰውን ሁሉ ይይዛል። ሲበጠስ ማንም አይጠግነውም፤ ሐይቁ ውስጥ ይጣላል። ያ የተጣለ መረብ ባለቤት ሳይኖረው ማጥመዱን ይቀጥላል። ሁለተኛው ብርብራ ነው። ፍሬውን ወቅጦ ገባሩ ውስጥ መበተን የቆየ ልማድ ነው፤ ድሮ በትንሽ ኩሬ ለአንድ ቀን ወጥ ይደረግ የነበረው ዛሬ እንቁላል በሚጣልበት ጅረት ላይ ለገበያ ሲደረግ ትልቁንም ትንሹንም፣ ትሉንም ጨምሮ ይጨርሳል።

የጾሙንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን። ገበያው ግን የራሱን ቀኖና ከሠራ ቆይቷል፤ ጾም ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። ይህ ዓሣው በወንዝ መግቢያ የተሰበሰበበት ሰሞን ነው። ሁዳዴ ላይ ሐይቁን ብናስግር ጉዳቱ ይቻላል፤ የፍልሰታው ግን ከዘሩ የሚቀነስ ነው።

መንግሥት የሠራውና የቀረው

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሲወጣ ደግፈናል፤ ዛሬም እንደግፋለን። በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል፤ የዓሣ ተቆጣጣሪ እንዲኖር ይደነግጋል። ክልሉም የራሱን የዓሣ አዋጅ አውጥቷል። ቃሉ ላይ ብዙ የምንነቅፈው የለንም። ነገር ግን በጉባኤያችን ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፦ በክረምት ሌሊት በወንዝ መግቢያ የቁጥጥር ጀልባ ያየ ሰው እጁን ያውጣ። አንድም እጅ አልወጣም። አዋጁ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ሲመዘገብ ስፋቱ ወደ 696 ሺህ ሄክታር ነበር። ምዝገባው ትልቅ ነገር ነው። ዓለም አውቆታል፣ ዕርዳታም አምጥቷል። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ከባሕር ዳር አንሥቶ ወደ ጢስ ዓባይ የተከለለው የዓባይ ሚሊኒየም ፓርክም በጎ ሥራ ነው፤ ጉማሬው በከተማ አፍንጫ ሥር እስከ ዛሬ መኖሩ አንዱ ምስክር ነው። ጉማሬው ሌሊት እየወጣ የገበሬውን ማሳ መብላቱ ግን መፍትሔ አላገኘም፤ ያ ራሱን የቻለ መግለጫ ይፈልጋል። እዚህ የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ ጉማሬው የዱር እንስሳ ተብሎ ፓርክ ተሰጠው፣ ዓሣው ምርት ተብሎ ለግብርና ተሰጠ። በአንድ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ፍጥረታት ሁለት መሥሪያ ቤት አላቸው። ነጭ ዓሣውን ግን እንደ ዱር እንስሳ የሚጠብቀው የለም፤ እንደ ምርትም በቅጡ የሚቆጥረው የለም።

ስለ እምቦጭ አረም ረዘም አድርገን እንናገራለን፤ የመንግሥትም የሕዝብም ጉልበት ይበልጡን የፈሰሰው እዚያ ላይ ነውና። አረሙ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ መታየቱ ከተረጋገጠ በኋላ ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን አዳርሷል። ገበሬው ልብሱን አውልቆ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ተማሪው በአውቶቡስ ተጭኖ መጥቷል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ገንዘብ አሰባስበው የማጨጃ ማሽን ገዝተዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ብዙ ሺህ ሰው ወጥቷል። እኛም ነበርንበት። አረሙ መረባችንን ይተበትባል፣ ጀልባችንን ያስራል፣ ጫጩት ዓሣ የሚያድግበትን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ይሸፍናል፤ ስለዚህ የዘመቻው ተቃዋሚ ልንሆን አንችልም።

ነገር ግን እምቦጭ ከሰማይ አልወረደም። የሚበላው ምግብ አለው። ምግቡ ከተራቆተው ደጋ ታጥቦ፣ ከማሳው ማዳበሪያ ተሸክሞ በወንዞቹ የሚወርደው አፈር ነው። በወንዝ ወደ ጣና ከሚገባው ውኃ ከአሥር ዘጠኙን እጅ የሚያመጡት አራቱ ወንዞች ናቸው፦ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። አረሙ የሚቀለብባቸው፣ ዓሣውም የሚወለድባቸው እነዚሁ ናቸው። አረሙን በዳርቻው እያጨዱ ወንዙን መርሳት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ወንዞቹ ላይ የሚሠራው ደግሞ ቀላል አይደለም። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ በግልገል ዓባይ ገባር ላይ ተሠርቷል። በርብ ላይ ግድብ ቆሟል፣ የመገጭም ሥራ ተጀምሯል። እኛ መስኖ አንጠላም፤ ከአባሎቻችን ግማሹ በበጋ ሽንኩርት ያመርታል፣ ሩዝ ይዘራል። የምንጠይቀው ግድቡ ሲነደፍ ዓሣው በየት ያልፋል የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር ወይ ብለን ነው። ይህን ለመጠየቅ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በእጃችን አለ። ጠጠሩ ላይ ያለው ጣጣ ግን ከግድብ ያነሰ ቢመስልም ዕለት በዕለት ነው። የጉማራና የርብ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ በገልባጭ መኪና ይጫናል። የሚጫነው ዓሣው እንቁላሉን የሚደብቅበት አልጋ ነው። በጥርና በየካቲት ደግሞ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች በየዳሩ ተደርድረው ገባሩን እስኪደርቅ ይመጥጡታል፤ ያልወረደው ጫጩት ኩሬ ውስጥ ይቀርና ኩሬው ሲደርቅ የአሞራ ሲሳይ ይሆናል። በፎገራ ሜዳ ላይ ያሉት ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች፣ አምባዛው በክረምት የሚራባባቸው፣ ወፎችም የሚያርፉባቸው የነበሩት፣ በዚሁ መሳቢያና በእርሻ ተጎድተዋል።

በውኃው መውጫ በኩልም ያየነው አለ። የጨረጨራ ማቆሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ተሠርቶ ሐይቁ በበር መታዘዝ ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የውኃው መጠን እጅግ ወርዶ የመርከብ ጉዞ ተቋርጦ ነበር። ደንገሉ በደረቅ ቀርቶ ገበሬ አርሶበታል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ የሚጠጣውም ከዚሁ ሐይቅ ነው። መብራቱን እንፈልገዋለን። በሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ባለሙያ ግን ደንገሉንና የዳሩን ዓሣ ጭምር አስቦ እንዲከፍትና እንዲዘጋ እንጠይቃለን።

በክልላችን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ያለው ግጭት ቁጥጥሩን ይበልጥ እንዳከበደው እናውቃለን። ጥበቃው በታጠቀ ኃይል ይሁን የማንለውም ለዚህ ነው።

የጉሮሮው ጥያቄ

ወደ ተቃዋሚ አባሎቻችን ጥያቄ እንመለስ። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም የገጠሩ ሰው ጎተራው ባዶ የሚሆንበት፣ የትምህርት ቤት ወጪ የሚመጣበት ወቅት ነው። አስጋሪው በዓመት ከሚያገኘው ደህናውን የሚያገኘው ያኔ ነው። መግቢያውን ዝጋ ብሎ ዝም ማለት ወይ ያስርበዋል፣ ወይ በሌሊት እንዲሰርቅ ያደርገዋል። የምናውቀውን እንናገር፤ የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት አለፉት? ባንግላዴሽ ሂልሳ የሚባል ዓሣ አላት፤ ከባሕር ተነሥቶ እንቁላል ለመጣል ወደ ፓድማና መግና ወንዞች የሚወጣ። ከእኛው ነጭ ዓሣ ጋር ጠባዩ አንድ ነው። መንግሥታቸው በመስከረምና በጥቅምት መካከል ለ22 ቀናት ማስገርን ይከለክላል። ከክልከላው ጋር ለአስጋሪው ቤተሰብ ሩዝ ይሰጣል። እጅግ ብዙ አይደለም፣ ስለ ማነሱም ስለ መዘግየቱም እዚያ ያሉት አስጋሪዎች ያማርራሉ። ሆኖም በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር 200 ሺህ ቶን ግድም የነበረው የሂልሳ ምርት በ2018 ከ500 ሺህ ቶን በላይ ደርሷል። ባንግላዴሽ ሀብታም አገር አይደለችም። ቻይና ደግሞ በጣም ዘግይታ በጣም ጠንክራ ነው የመጣችው። በያንግዜ ወንዝ ላይ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2021 ጀምሮ የዐሥር ዓመት ክልከላ አውጃ፣ ከ200 ሺህ በላይ አስጋሪዎችን ከወንዙ አንሥታ ሥራ ለውጣላቸዋለች። የወንዙ ትንሽ ዶልፊን መሳይ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲቆጠር 1,012 ነበር፤ በ2022 ሲቆጠር 1,249 ሆኗል። ለባይጂ፣ ለነጩ ዶልፊን፣ ግን አልደረሰችለትም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ይኖርበት የነበረው የወንዙ ክፍል ታስሶ አንድም አልተገኘም። እኛ ዐሥር ዓመት አልጠየቅንም፤ የጠየቅነው ሁለት ወር ተኩል ነው።

ለእኛ አስጋሪ የሚሰጠው ሩዝስ ከየት ይመጣል? ከፎገራ ነው። በዚያው ጎርፍ፣ በዚያው ሜዳ ላይ የሚበቅል ሩዝ ነው። የጣና ዳር ገበሬ ሩዝ አምርቶ ገዢ በሚፈልግበት፣ አስጋሪው መረቡን ሰቅሎ እህል በሚፈልግበት አገር፣ ክልሉ ከገበሬው ገዝቶ ለአስጋሪው በክረምት ቢሰጥ ብሩ ከወረዳው አይወጣም። ይህን ሐሳብ ያነሡት ከአባሎቻችን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ብዙዎቻችን ስቀን ነበር፤ በማግሥቱ ግን በድምፅ ስናጸድቀው የተቃወመ አልነበረም።

ስለዚህ ከክልሉ መንግሥት የምንጠይቀው ከመጪው ሐምሌ በፊት የክልከላውን ጊዜና ቦታ በመመሪያ እንዲያውጅ ነው። ቦታው በካርታ ብቻ ሳይሆን በምሰሶና በቀለም ምልክት ይለይ፤ አስጋሪው ማታ በፋኖስ የሚያየው ምልክት ይሁን። ጠባቂዎቹ ከእኛው ከአስጋሪዎቹ መካከል ተመርጠው የቀን አበል ይከፈላቸው። የመረቡ ገመድ ጫፍ የት እንደሚታሰር ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። የጣናና የሌሎች የውኃ አካላት ጥበቃ ኤጀንሲ፣ የግብርናው ዘርፍ፣ የዱር እንስሳቱ መሥሪያ ቤትና የውኃው መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ሳምንታት ብቻ እንኳ አንድ ኃላፊ ይሰይሙ፤ ስንሄድ «እኛን አይመለከትም» የማይለን አንድ ሰው ይኑር።

የፌዴራል መንግሥት የፕላስቲክ መረቡን በጉምሩክ ይያዝ። ባሕር ዳር ገበያ ላይ ከተዘረጋ በኋላ ከደሀ ላይ መንጠቁ ቀላል ነው፤ ጥቅሙ ግን ጥቂት ነው። የተያዘበትም አስጋሪ አሮጌውን ሲያስረክብ ዓይኑ ሰፋ ያለ ሕጋዊ መረብ በቅናሽ እንዲያገኝ ይደረግ። ከእንግዲህ በጣና ገባር ላይ የሚነደፍ ግድብ ወይም የመስኖ ጠለፋ፣ ዓሣው በየትና በየትኛው ወር እንደሚያልፍ ያልመለሰ ከሆነ አይጽደቅ። እንቁላል በሚጣልባቸው ገባሮች ላይ የአሸዋና የጠጠር ፈቃድ አይሰጥ፤ አሸዋ የሚያወጡት የእኛው ሥራ አጥ ወጣቶች መሆናቸውን ስለምናውቅ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ነጭ ዓሣን በየዝርያው እየለዩ የሚቆጥሩበትን ዘዴ ለገበያ መዝጋቢዎች ያስተምሩ። ሚዛን ላይ 15ቱ አንድ ሆነው እስከተጻፉ ድረስ አንዱ ቢጠፋ የሚያውቅ የለም።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችን፣ የመስጊድ ኢማሞችን፣ የደሴት ገዳማቱን መነኮሳት አደራ የምንላቸው በነሐሴ ወር ይህን ነገር በዐውደ ምሕረትና በመስጊድ እንዲያነሡልን ነው። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የአዲስ አበባ ሆቴል ባለቤቶችና ተመጋቢዎችም በእነዚህ ሳምንታት ነጭ ዓሣ አትጠይቁ፤ ቆሮሶ ብሉ፣ አምባዛ ብሉ። ገዢ ያጣ መረብ ቶሎ ይሰበሰባል።

በዚህ ክረምት መንግሥት ያውጅም አያውጅም፣ ከሐምሌ 15 እስከ መስከረም 30 የማኅበራችን አባላት መረባቸውን በጉማራ መግቢያ አይዘረጉም። ይህን የምናደርገው ያለ ስንቅ ስለሆነ አንድ ክረምት እንችለዋለን፤ ሁለተኛውን ለመቻል ዋስትና የለንም።